ዝም የምልበት ቦታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እንደ ወትሮው። ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጸለይኩ፣ ወደ ሱቅ ወረድኩ። ከብዙ ዓመት በፊት የሰፋሁለት ሰውዬ ሱሪውን ይዞ መጣ። «ጨርቁ ጠቧል፣ ወገቡን ትንሽ ልቀቅልኝ» አለ። ሆዱን እያየሁ «ጨርቅ እንዲህ ነው፣ አይታመንም» አልኩት። ምን ልበለው?

ከሰዓት ልጄ ደወለች። ዩኒቨርሲቲው ለጥናት ለቋቸዋል፣ ነገ ትገባለች፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ደስ አለኝ... ወዲያው «አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» አለች። እናቷም ከባድ ነገር ልታመጣ ስትል ድምፅዋን እንዲህ ታለሰልስ ነበር።

የምትማረው ስለ ሃይማኖት ነው። ለመስበክ አይደለም... ሃይማኖት ምን እንደሆነ፣ ሰው ለምን እንደሚይዘው፣ እንዴት እንደሚጠና። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጸልይ ነው። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ልታየኝ ትፈልጋለች።

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«አንተን ስለማውቅህ ነው።»

«ካወቅሽኝማ ምኔን ታጠኛለሽ?»

ሳቀች። እሺ አልኩ። «እሺ» ምላስህ ላይ ነው የሚያድረው ትለኝ ነበር ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ትናንት ገባች። ከስታለች። የእናቷን ካፖርት ለብሳ ነው የመጣችው፣ ደነገጥኩ።

ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው ነገርኩት። «ዳኛው» ነው የምንለው፣ ያልፈረደበት ነገር የለም። «ልጅህ አንተን ልታጠና? በል እንግዲህ፣ ሙዚየም ገባህ!» አለ። ከዚያ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ተጠንቀቅ ብቻ። እኔን አንዴ ሐኪሙ ‹እስቲ እንዴት ነው የምትተነፍሰው?› ቢለኝ ትንፋሼ ጠፍቶብኝ ነበር።»

ሳቅኩበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እዚህ እጽፈዋለሁ እንጂ ለሰው አልናገረውም። ኮት ለብሼ ጸለይኩ! በገዛ ክፍሌ፣ በማለዳ፣ ኮት። ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። ሌላ ጊዜ የማላነሳቸውን ሁሉ አነሳሁ... ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለመርከበኛው። መርከበኛ የት አውቃለሁ? ባሕር አይቼ የማላውቅ ሰው! ጥግ ላይ የልጄ እርሳስ በተንኮሻኮሸ ቁጥር የኔም ድምፅ ከፍ ይላል።

ሲያበቃ «አባዬ፣ ርዝመቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች።

«እንደ ቀኑ ነው» አልኳት።

ያናገርኩት ፈጣሪን ነው ወይስ እርሳሱን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከበደኝና እውነቱን ነገርኳት። «ኮቱም መርከበኛውም ላንቺ ነበሩ።» ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ሰው እየታየ ሲጸልይና ሳይታይ ሲጸልይ አንድ እንዳልሆነ መታወቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው አለች። ይሄንንም ጻፈችው! መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ምሳ ላይ ብዙ አወራን። ሃይማኖት ከፍርሃት ተወለደ የሚሉ አሉ አለች። የለም፣ ሰውን ከሰው የሚሰፋ ክር ነው የሚሉም አሉ (ክሩን ለኔ ብላ የጨመረችው ይመስለኛል)። መጀመሪያ አማኙን ራሱን ጠይቁት የሚሉም አሉ።

«እና እግዜር አለ ነው የለም የምትሉት?»

«እሱን ቅንፍ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»

«እግዜርን? ቅንፍ ውስጥ?»

«ለጊዜው ነው እኮ አባዬ!»

«ለጊዜውም ቢሆን ይጠበዋል።»

ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ይህ ቤት እንዲህ ከሳቀ ቆይቷል።

በኋላ ግን አሰብኩ። ልብስ ለጥገና ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ስፌቱ የሚታየው በውስጡ በኩል ነው። ታዲያ ገልብጦ የሚለብስ ሰው የለም። የኔን ገልብጣ ካየችው በኋላ መልሳ ታቀናልኝ ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ በሸሚዜ። አጭሩን፣ የራሴን ጸሎት። ጥግ ላይ መኖሯንም ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። ጥሩ ነበር... እስክትጠይቀኝ ድረስ።

«አባዬ፣ ‹ሌሊቱን አሳለፍከን› ካልክ በኋላ ለምን ዝም ትላለህ?»

«ዝም አልልም።»

«ትላለህ። ሁልጊዜ። ኮት ለብሰህ እንኳ ብለሃል።»

ልከራከር ስል ትዝ አለኝ።

ስንጸልይ የኖርነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ «ሌሊቱን አሳለፍከን» እላለሁ። ባለቤቴ «ቀኑንም ያዝልን» ትላለች። ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነበር። ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። እኔ ግን ቦታዋን በየማለዳው ክፍት አድርጌ እየጠበቅኳት ኖሬያለሁ። ሳላውቅ።

«እናትሽን ነው» አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አልጸለይኩም። እዚያች ቦታ መድረስ ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬም። «ሌሊቱን» ብዬ ጀመርኩ፣ ተውኩት። ሱቅ ወርጄ ቀኝ እጅጌን በግራ በኩል ሰፋሁ። ዳኛው አየኝ። «ትንፋሽህ ጠፋ አይደል? አላልኩህም?» አለ። ቆይቶ ሻይ አመጣልኝ፣ ምንም ሳይፈርድ።

ይሄን ሁሉ ጊዜ በየማለዳው ስንበረከክ የጠበቅሁት ማንን ነው? እሱን ወይስ እሷን? እሷን ከሆነ... የኔ ሃይማኖት ናፍቆት ብቻ ነው? ሰፈሩ «ጸሎተኛው» ይለኛል። ሐዘንተኛው ቢሉኝ ሳይሻል አይቀርም። ከሷ በፊትስ እምነት ነበረኝ? ነበረኝ፣ ይመስለኛል... ይመስለኛል።

ሚስቴን ቀብሬ ጸሎቴ ተርፎልኝ ነበር። አሁን እሱም ከሄደ ምን ይዤ ነው የምነሳው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

«ያን ዝምታ ከጽሑፍሽ አውጪው» አልኳት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ነው ዋናው...»

«ያነበበው ሁሉ ይህ ሰውዬ ሚስቱን ነው የሚያመልከው ይላል!»

«ማንም እንደዚያ አይልም።»

«እኔ እላለሁ!»

ጮህኩባት። እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። ቀስ ብላ «አወጣዋለሁ» አለች። «ያንተ ነው። ባለቤቱ አይጻፍ ካለ አይጻፍም።»

መነሳት ሲገባኝ እዚያው ተቀመጥኩ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ጠየቅኳት። «ያ ሁሉ መጽሐፍሽ ምን ይላል? ስጠብቅ የኖርኩት ፈጣሪን ነው ወይስ እናትሽን?»

«እሱን የምንለካበት ሜትር የለንም፣ አባዬ። ዝም ማለትህን አያለሁ። ዝምታው ውስጥ ማን እንዳለ ግን አይታየኝም።»

ታዲያ ለምኑ ነው ትምህርቱ ልላት ነበር። ግን አልዋሸችኝም። ልታጽናናኝ ብላ እንኳ አልዋሸችኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም አልጸለይኩም። ቁርስ ላይ ሁለታችንም አቀርቅረን ስንበላ ድንገት «በሩን መዝጋት መቼ ጀመርክ?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ እዘጋለሁ። አባቴም በሩን ዘግቶ ነበር የሚጸልየው።»

«ድሮ ገርበብ ይል ነበር።»

«እሱማ እናትሽ ናት። እኔ ስዘጋ እሷ ስትከፍት! ሙቀት ያፍነኛል እያለች።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሙቀት? አባዬ... እኔ እንድሰማ እኮ ነው።»

ልጅ ሳለች ጨለማ ትፈራ ነበር። ይሄን አውቃለሁ። እናቷ ምን እንዳለቻት ግን አላውቅም ነበር። «አባትሽ ሌሊቱን አሳለፍከን ሲል ከሰማሽ ሌሊቱ አልቋል ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራ የለም» ብላታለች ለካ። ልጅቱ አልጋዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ያቺን ቃል ትጠብቃለች። ከዚያ የእናቷን «ቀኑንም ያዝልን»። ከዚያ ትነሳለች።

«እዚያች ቦታ ስትደርስ እኔም እጄ ይቆማል» አለች። «አልጽፍም። እጠብቃለሁ። ይሄን እጽፈዋለሁ፣ አጥኚ የት እንደተቀመጠ መደበቅ የለበትም። ያንተን ግን አልነካም።»

ይሄን ሁሉ ዓመት ሙቀት ነው ብዬ አምኜ! አንድ ቀን እንኳ ከበሩ ወዲያ ማን አለ ብዬ አላሰብኩም። እሷ ግን እየጸለየች አንድ ጆሮዋ ልጇ ጋ ነበር። ጸሎቷ በዚህ ጎደለባት? እኔ ከጎኗ ነበርኩ... ጎድሎባት አያውቅም።

እቃ ሳጥብ ቆይቼ፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋት፣ «ሁሉንም ጻፊው» አልኳት። «የኔንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ጻፊው።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ከሰዓት ልጄ ትሄዳለች። ሻንጣዋ ከትናንት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። «ነገ ጥግ ላይ አልቀመጥም፣ ጥናቱ አልቋል፣ ተኝቼ ላርፍድ» ብላኝ ነበር።

ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። እጄ በሩን ሊዘጋ ሄዶ እጀታው ላይ ቆመ። ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

ተንበረከክሁ። መርከበኛ የለ፣ ኮት የለ። «ሌሊቱን አሳለፍከን» አልኩ።

ዝም አልኩ። ዛሬ እያወቅሁ ነው። ማንን እንደምጠብቅ አሁንም አልተለየልኝም። ያስፈራል። ላልፈው ፈለግሁ፣ የሷን ቃል ራሴ ብዬው ልቀጥል... አልሆነልኝም። ቦታው የኔ አይደለም።

ቆየሁ።

ከወዲያኛው ክፍል አልጋው ሲጢጥ አለ። ከዚያ እግሯ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።

ቀጠልኩ።