መጋዝ የረገጠው ሚካኤል

ናይሮቢ፣ ቅዳሜ ኅዳር 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣ ለእማዬ፤

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም እንጂ አንድ ያደረግሁት ነገር አለ። አስቀድሜ ግን እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይስ ብርዱ ጠናብሽ? አባባንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ካሣሁን ትምህርቱን ይዟል? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጤናዬን ማለቴ ነው። ልቤ ግን በንዴት እርር ብሏል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የአክስቴ ባል የጋሽ ጓንጉል ስለሆነ ነው። ሳወራ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ።

ማኅበራችን ለጸሎት የሚሰበሰብበት ግቢ ኪሌሌሽዋ ነው። ኢስትሊ ካለው ከአክስቴ ምግብ ቤት ተነስተን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ተሳፍረን እንደርሳለን። ከቆርቆሮው ጸሎት ቤት ጀርባ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ሰው ፊት ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እዚህ የተወለዱት የሐበሻ ልጆች በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየተቀላለዱ ሲሯሯጡ እኔ ጀርባዬን ለሾላው ሰጥቼ በምግብ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል እስላለሁ። ማንም ምን ሆነሽ ነው አይለኝም። ከላይ ወፎቹ ፍሬውን እየበሉ ግማሹን ራሴ ላይ ይጥሉብኛል።

ይህንን ሾላ ቆርጠው የሰርግ አዳራሽና የመኪና ማቆሚያ ሊሠሩበት ወሰኑ። የሕንጻ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ጓንጉል ናቸው። እማዬ፣ ካሣሁን ከገብርኤል ቅጥር አንድ እቅፍ ጭራሮ ለቅሞ የመጣ ቀን ያደረግሽው ትዝ ይልሻል? በዚያ ዝናብ መልሰሽ ላክሽው። የወደቀ ጭራሮ ነበር እኮ! እዚህ ያሉትም እንደዚያ ባለ ቅጥር ሥር ያደጉ ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴትዮ ይህንኑ ሊናገሩ ቢነሱ ጋሽ ጓንጉል «እትዬ፣ ይሄ ናይሮቢ ነው፣ ወረኢሉ አይደለም። ዛፍ ደግሞ አይቀድስም» ብለው አሳቁባቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ያደረግሁት ይኸውልሽ። ከምግብ ቤቱ አንድ የዱቄት ከረጢት ወስጄ በግድግዳ ቀለም ነጭ ቀባሁት። በላዩ ላይ ቅዱስ ሚካኤልን ሳልኩት፤ ክንፉን ዘርግቶ ሾላውን ሸፍኖ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ሰይጣን መሆን ነበረበት፤ እኔ መጋዝ አደረግሁበት። የሚካኤል ዋዜማ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ ለበዓሉ ሳህን አጣጥቢ ብላ ስትልከኝ፣ የግቢው ጠባቂ ጋሽ ታዴዎስ ጋዝ ሊገዙ ወጣ ባሉበት ግንዱ ላይ ሰቀልኩት። ሰዎቹ አይተው እንዲያፍሩ ነበር ሐሳቤ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ሴት እንዳየችው እልል አለች። ሥዕሉ ተገለጠ ተባለ! ነጠላቸውን እያደገደጉ መጥተው ግንዱን ይስሙ ጀመር። አንዷ «ሰይጣኑስ የት ሄደ?» ብትል ሌላዋ «አታይም እንዴ? መጋዝ ረግጧል! አትቁረጡ ማለቱ ነው» አለቻት። ያን ቀን ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የሳልኩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽሽም። ረቡዕ ዛፍ ቆራጮቹ የሞተር መጋዛቸውን ይዘው ሲመጡ ሴቶቹ በር ላይ ተሰልፈው መለሷቸው።

ትናንት፣ ጾሙ በገባበት ቀን፣ ጋሽ ጓንጉል መሰላል አስመጥተው ሥዕሉን አወረዱት። ገልብጠው ጀርባውን ለሰዉ አሳዩ፤ የፋብሪካው ቀይ ጽሑፍ እንዳለ ነው። «ሰማይ ቤት የዱቄት ወፍጮ ተከፈተ እንዴ?» አሉ። እማዬ፣ ማክሰኞ ግንዱን የሳሙት እነዚያው ሴቶች ከሁሉ አብልጠው ሳቁ! ከሰማይ ወረደ ሲባል የሳሙትን፣ የሰው እጅ ሥራ ነው ሲባል ማገዶ አደረጉት። ሾላው እኮ ያው ሾላ ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ምን በደለ? ሥዕሉንም ጠቅልለው መኪናቸው ኋላ ወረወሩት።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። የግቢው ቁልፍ ያለው በጋሽ ታዴዎስ እጅ ስለሆነ ሕዝብ ያታለሉ እሳቸው ናቸው ተባለ። በ83 የተሰደዱ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍል ሌላ ቤት የላቸውም። በልጆቻቸው ስም ማሉ፤ ማንም አላመናቸውም። እስከ ሰኞ ዕቃቸውን ይዘው ይውጡ ተባሉ፤ ቆራጮቹም ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ብርጭቆ መሰብሰቤን ቀጠልኩ። ስንመለስ ማታቱ ውስጥ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከረጢቱ የኛ ነው። አንቺም አላየሽም፣ እኔም አላየሁም። የምናድረው በባሌ ቤት ነው» አለችኝ። በእሷም ተናደድኩ፤ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ።

ዛሬ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ማማ ንጄሪ ዘንድ ሄድኩ። መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ የኪኩዩ ነገድ ሴት ናት። ሾላውን እነሱ ሙጉሞ ይሉታል፤ በአያቶቿ ዘመን እንኳን መቁረጥ ቅርንጫፉንም አይነኩትም ነበር አለችኝ። በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ሁሉንም ነገርኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፣ ተቆጣችኝ። «ሰቀልሽና ተደበቅሽ? ሽማግሌው ባንቺ ፋንታ ይባረራል?» አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ዳር ያለውን ደን ቆራርሰው ሊሸጡት ሲሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር ችግኝ ይዛ ገብታ በዱላ ተመታለች፤ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። «የመቱን ሰዎች ስማችንን ሲጠይቁን ነገርናቸው» አለችኝ። ከዚያ ችግኟን ውኃ ማጠጣት ቀጠለች።

አባባን በጣም ናፍቀውኛል፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ካሣሁንን እርሳሱን እንዳያኝክ ንገሪልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ትዕግስትንና ልጆቿን እንዴት ናችሁ በይልኝ። አክስቴ ደውላ ልጅሽ አዋረደችን ብትልሽ ወይም ወደ አገሯ ትመለስ ብትልሽ አትደንግጪ። ነገሩን ከእኔ ከራሴ እንድትሰሚ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ነገ እሑድ ከጸሎት በኋላ ስብሰባ አለ። ጋሽ ጓንጉል ንግግራቸውን ሳይጀምሩ እነሳለሁ። «ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ሠርክ ነኝ፣ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ፣ ጋሽ ታዴዎስ አያውቁም» እላለሁ። ከዚያ ግንዱን የሳሙትን ሴቶች አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሰኞ ጠዋት ሾላው ሥር አብረውኝ እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ። ማማ ንጄሪ እመጣለሁ ብላኛለች። ሌላ ሰው ባይመጣ ሁለት እንሆናለን።

ልጅሽ ሠርክ