ወይዘሮ ገላነሽ እንደሻው እና ባለ ሃምሳ ዘጠኝ ፍሬው መቍጠሪያ

ወይዘሮ ገላነሽ ከአባታቸው ከአቶ እንደሻው ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ኀይሌ በ1914 ዓ.ም. በሐረር ከተማ በፈላና በር አጠገብ ተወለዱ። አያታቸው ከሸዋ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ነበሩ። ቤተሰቡም በሙሉ ኦርቶዶክሳዊ ነው። ፊደልና ውዳሴ ማርያም ያስተማሯቸው አባታቸው ሲሆኑ፣ ስልሳ አራት ፍሬ ባለው መቍጠሪያ ስልሳ አራት ጊዜ ሰላም ለኪ ማለትን ያስለመዷቸው እናታቸው ናቸው።

ከትናንት ጀምሮ ለቅሶ ቤት የገባው ሁሉ ወይዘሮ ገላነሽ ለምን ከልጃቸው ከአሰለፈች ጎን እንደማይቀበሩ ይጠይቃል። መልሱ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ስላለ እንደሚከተለው ይነበባል።

በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩትን አቶ ሥራዬ ደስታን አገቡ። በተከታዩ ዓመት የሐረር ሰው «ማሴር» በሚላቸው የካቶሊክ መነኮሳት ዘንድ በልብስ ስፌት ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ለገና በዓል ኀላፊያቸው ማሴር አኜስ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ ጥቁር የእንጨት መቍጠሪያ ሰጡ። ወይዘሮ ገላነሽ ቤታቸው ገብተው ቢቈጥሩት ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። አምስት ፍሬ የወደቀ መሰላቸው። ስጦታን ጎዶሎ ነው ማለት ስላሳፈራቸው፣ ጀጎል ውስጥ የሙስሊሞቹን መቍጠሪያ፣ ተስቢሕን፣ ወደምትሰካው ወዳጃቸው ወደ አሚና ወሰዱት።

«እኔ ዘጠና ዘጠኝ እሰካለሁ፣ እናንተ ስልሳ አራት ትላላችሁ። ፈረንጁ ሃምሳ ዘጠኝ ይበቃኛል ቢልስ?» አለቻቸው አሚና። አልሰሟትም። አምስት የቀንድ ፍሬ አስጨምረው አንድ ዓመት ተኩል ጸለዩበት።

በ1937 ዓ.ም. ማሴር አኜስ መቍጠሪያውን ስፌት ክፍል ውስጥ አይተው ከት ብለው ሳቁ። አምስቱን ፍሬ ቈርጠው አወጡና አጸላለዩን ከመጀመሪያው ያስተምሯቸው ጀመር፤ ዐሥር ዐሥሩን እየለዩ፣ በእያንዳንዱ ዐሥር ላይ ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት አንድ ነገር እያሰቡ። ትምህርቱ ለወይዘሮ ገላነሽ ቀላል አልነበረም። በልጅነታቸው የተማሩት ሐሳብን ሰብስቦ ቃሉን ብቻ ማለትን ነው። «አፌ ሰላምታውን ሲል ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ይኼ ኃጢአት ነው» ቢሏቸው፣ ማሴር «ይሂድ እንጂ፤ የሚሄድበትን እኔ አሳይሻለሁ» አሏቸው። እንዲህም ሆኖ ዐሥሩን ሲጨርሱ ሲያስቡ የነበረው ስለ ክርና መርፌ ሆኖ ያገኙት ነበር። ያን ጊዜ ወደ ዐሥሩ መጀመሪያ ይመለሳሉ። አትመለሺ ቢባሉም ይመለሱ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ታገሉ።

አሰለፈችን በ1937፣ ዓለሙን በ1940፣ ዘነበችን በ1944 ዓ.ም. ወለዱ። አሰለፈች በአራት ዓመቷ፣ በ1941 ዓ.ም. በኩፍኝ ሞተች፤ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ገላነሽ መቍጠሪያውን ሲይዙ እመቤታችን ልጇን አጥታ ሦስት ቀን ፈልጋ በቤተ መቅደስ ያገኘችበት ዐሥር ላይ ብዙ ይቈዩ ጀመር። ሌላውን ሳይጨርሱ የሚቀሩበትም ቀን ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ነገሩ ለነፍስ አባታቸው ደረሰ። እሳቸውም ሳይቈጡ ሥርዓቱን ነገሯቸው፦ «ልጄ፣ በዚያ ከቀጠልሽ የእኛ አይደለሽም። የእኛ ያልሆነ ደግሞ ከአሰለፈች ጎን አያርፍም።» አቶ ሥራዬም «ሰላም ለኪ በቤታችን ሞልቶ ጎረቤት ምን ትለምኛለሽ?» አሉ። ወይዘሮ ገላነሽ «የቤቱን አፌ በቃሉ ይወጣዋል። ይኼኛው ቁጭ አድርጎ ያሳየኛል» ብለው መለሱ።

ሆኖም የልጅ መቃብር በዋዛ የሚተው አልነበረምና ሊሞክሩ ወሰኑ። ሁዳዴ ሲገባ መቍጠሪያውን ለአሚና አደራ ሰጥተው በእናታቸው መቍጠሪያ ብቻ ጸለዩ። በፋሲካ ማግስት ሲሄዱ አሚና ገና ከበር «ውሰጂልኝ እባክሽ፤ በየቀኑ ልታዪው እየመጣሽ ሥራ አስፈታሽኝ» አለቻቸው። በዚያው ሳምንት ለነፍስ አባታቸው «አባቴ፣ መቃብሩ ጋ ስሄድ የማገኘው አፈር ነው። ልጄን የማገኛት እዚያ ዐሥር ላይ ነው» ብለው ተሰናበቱ። በ1949 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። አቶ ሥራዬ ለአራት ወር ከሰላምታ በቀር አላናገሯቸውም።

ወይዘሮ ገላነሽ እስከ 1964 ዓ.ም. በስፌት ሥራቸው ቈዩ፤ ብዙ ሴቶችንም ይህንኑ ጸሎት አስተማሩ። ቍጡ አስተማሪ ነበሩ። የሚቸኩል ሰው ሲያዩ ፍሬውን ከእጁ ይቀሙት ነበር።

በጥር 1966 ዓ.ም. ቀኝ ጎናቸው ሰለለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ያን ጊዜ መቍጠሪያውን ነክተው የማያውቁት አቶ ሥራዬ አነሡት። ልጃቸው ዘነበች በወረቀት የጻፈችላቸውን ጸሎት እያነበቡ ከሰዓት በኋላ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያደርሱ ነበር። ሲሳሳቱ ወይዘሮ ገላነሽ በግራ እጃቸው ያስቆሟቸዋል፤ አቶ ሥራዬም እንደ ተማሪ ይመለሳሉ። ሦስት ወር እንዲህ ከቈዩ በኋላ፣ ወይዘሮ ገላነሽ ሚያዝያ 14 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

የቀድሞው የነፍስ አባት በሕይወት የሉም። ዘመዶች ትናንት ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ካህን ጋር ተነጋግረው፣ አቶ ሥራዬ ፈቃዳቸው ከሆነ ወይዘሮ ገላነሽ ያለ ጥያቄ ከአሰለፈች ጎን ሊቀበሩ እንደሚችሉ አስታወቁ። አቶ ሥራዬ ግን «እሷ ይኼን መሬት ትታ ነው ያንን መቍጠሪያ የያዘችው። ዛሬ አፏ ሲዘጋ ብመልሳት፣ ያኔ የተናገረችውን አልሰማሁም ማለት ነው» ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ቀብራቸው በካቶሊክ መካነ መቃብር ይፈጸማል።

ባለቤታቸው አቶ ሥራዬ፣ ልጆቻቸው ዓለሙና ዘነበች፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው አሚና ከኋላ ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ በአፈር የተለያዩትን እናትና ልጅ በእርሱ ዘንድ ያገናኝ።