በቀይ ያረምኩት የመድኃኒት ወረቀት

ለምወድሽ ታናሽ እኅቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ ዓይንሽስ፣ የዚያች ነገረኛ ጎረቤትሽ ምላስስ እንደምን ነው? እኔ ከጉልበቴ፣ ከጉልበቴም ይልቅ ከኅሊናዬ በቀር ደኅና ነኝ።

እኔ ዘንድ ያለችው ልጅሽ በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ መታቀፏን በስልክ ሰምተሻል። ያልሰማሽው ግን አለ። ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ይንቀጠቀጥ፣ ያነጥስ፣ ጡት እየያዘ ይተው፣ ጆሮ በሚበሳ ቀጭን ድምፅ ያለቅስ ጀመር። ሐኪሟ ልጅሽን በእርግዝናዋ ወቅት የሕመም ማስታገሻ ትወስድ እንደሆነ ብትጠይቃት፣ እሷ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ወደ ጣሪያው።

ወገቧ አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት፣ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ብርቱ ክኒን ለወራት ያካፈልኳት እኔ ነኝ። ኦፒዮይድ ይሉታል። በእናቱ ደም በኩል ፅንሱ ዘንድ ደርሶ ያለምደዋል፤ እትብቱ ሲቆረጥ የለመደው በድንገት ይቀርበትና ይታመማል። እኅቴ፣ አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩት ሰው፣ ቤቴ ገብቼ የክኒኑን ወረቀት ብገልጠው፣ ለካስ ቀድሞውኑ በቀይ ቀለም አርሜዋለሁ! ሁለት የፊደል ግድፈት አቅንቻለሁ፤ አንድ የተዘነጋ አራት ነጥብም ጨምሬያለሁ። አራት ነጥቡ ያረፈው «ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትወስድ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነው።

«ጄኔራሏ» ያልናት ነርስ በየሦስት ሰዓቱ ለልቅሶውም ለመንቀጥቀጡም ነጥብ ትሰጣለች። ነጥቡ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ሕፃኑ መድኃኒት ይጀምራል፤ ከወረደ ግን ጸጥታና እቅፍ ይበቃዋል። የነጥብ ወረቀቷን ላርም ብዕሬን ባወጣ፣ «አባባ፣ ብዕሩ ወደ ኪስዎ፣ ልጁ ወደ ደረትዎ!» አለችኝ። እናቱ ስታርፍ ተራው የእኔ ሆነ። ዝግ ባለ ድምፅ አውራለት ብባል፣ ወሬ አለቀብኝና አንድም አሳታሚ ያልተቀበለውን ልብ ወለዴን በቃሌ ተረክሁለት። ምዕራፍ አንድ ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰደው። ወዳጆቼም ሳነብላቸው እንዲሁ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ተቀይሜያቸው ነበር።

ነጥቡ ከአሥራ አንድ ወደ ሦስት ወርዷል፤ መድኃኒትም አላስፈለገውም። ልጅሽም ክኒኑን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነሰች ነው። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ እኔን የፈጀኝም ይኸው ነው። እባክሽ አትቆጫት፤ ቁጣሽን ሁሉ ለእኔ አስቀምጪልኝ።

ለባለቤትሽ፣ ለታላቁ ልጅሽ፣ ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጎረቤትሽም እንዲሁ፤ ሌላውን ግን አትንገሪያት። ይህን ደብዳቤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላርም ልኬዋለሁ፤ አንዱ እጄ ልጁን ይዟል።

ወንድምሽ

ከሕፃናት ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን