የሰመጠችው ጀልባና የአባባ ቦይ

ሰኞ፣ ግንቦት 25

«የካፒቴኑ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። ለዕረፍት ላሊበላ፣ አባባ ቤት ብመጣም የመርከብ አደጋ መርማሪነቴ ተከትሎኝ መጥቷል። አንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቀይ ባሕር ላይ ሰጥማ ካፒቴኑ ሞቷል። የጀልባዋ ባለቤት «እንቅልፍ ወስዶት ነው በማዕበል ያስመታት» ይላል። ሪፖርቱ ዓርብ መግባት አለበት። የሞተ ሰው አይከራከርም።

የተረፈው ወጥ ሠሪው ሰይድ ብቻ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ። ዛሬ ስደውልለት «እህቴ፣ ወላሂ አልተኛም! መሪውን እንደያዘ ነው የሄደው። ውኃው ላያችን ወጣ፣ ከዚያ አልወርድ አለ» አለኝ። አመንኩት። ማመኔ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

አንድ መስመር አልጻፍኩም። አባባ ክረምቱ ሳይገባ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ቦይ ሊጠርጉ ሲወጡ አካፋ ይዤ ተከተልኳቸው። በየዓመቱ የማይቀሩበት ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ፣ ቦዩ ከተደፈነ ግቢው ውኃ ይሞላል። ጎረቤቶቻችን «የባሕሯ ሰው መጣች!» እያሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ። መዳፌ ተላጠ። ደስ ብሎኛል ግን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

አባባ መድኃኔዓለምን ስመው ሲመለሱ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀርኩ አገኙኝ። ጀልባዋ ከወደብ ከመውጣቷ በፊት የተነሳችውን ፎቶ አሳየኋቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩና «ውኃው በየት ነው የሚወጣው?» አሉ።

«በነዚህ ቀዳዳዎች» ልል ጣቴን ዘረጋሁ። ቀዳዳ የለም! በጀልባዋ ወለል ዙሪያ ያለው ግድግዳ ከግርጌው ውኃ ማፍሰሻ ክፍተቶች ሊኖሩት ይገባ ነበር። ንድፉን አወጣሁ፤ ንድፉ ላይ አሉ። ፎቶው ላይ ግን ሳንቃ ተመትቶባቸው ተደፍነዋል። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ቀለሙ አንድ ስለሆነ ግድግዳው መስሎኝ ነበር።

ሰይድ ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ ዓሣው እንዳይሾልክ ብሎ ባለቤቱ ነው ያስመታው። ካፒቴኑ ሳንቃው ይነሳ ብሎ ተጣልቶታል» አለ። ለምን አልነገርከኝም ስለው «መች ጠየቅሽኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለ እንቅልፍ ብቻ ነበር የምጠይቀው። አፈርኩ።

አባባ «ቦዩን ደፍኖ ሰውየውን ይከሳል እንዴ?» ብለው በጎቻቸውን ሊያስገቡ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ጻፍኩ። መብራት ጠፋ። በእጄ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ላክሁት። «የካፒቴኑ ስህተት» የሚለው ወጥቷል። ምክር የሰጡ ባለሙያዎች በሚለው ሥር የአባባን ስም አስገባሁ። አለቃዬ ደወለ፤ ማስረጃው አሳምኖታል፤ ባለቤቱ ለጥያቄ ይጠራል። ይቀርብ ይሆን? እንጃ። ቀጥሎ «እኚህ ባለሙያ የየት ወደብ ሰው ናቸው?» አለኝ። «የላሊበላ» አልኩት።

ለአባባ ስነግራቸው ነጠላቸውን ደርበው ወጡ፤ ከምሳ በፊት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር። እንደ ዛሬ ኮርቼባቸው አላውቅም።

ለሰይድም ነገርኩት። «ለካፒቴኑ እናት እኔ ልንገራት?» አለኝ።

«ንገራት» አልኩት። «ልጅሽ አልተኛም በላት።»