ለሀሊማ የሳልኩላት ካርታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሀሊማ ዛሬ ክፍል አልመጣችም። ጓደኞቿን ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዷ ነገረችኝ፤ ቅዳሜ ከጎረቤቷ ልጅ ከሩቂያ ጋር በአፋር በኩል ወጥታለች። በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ከመርሳ በዚያ መንገድ የሄደች የመጀመሪያዋ አይደለችም። እኔ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የሰው ልጅ ከአፍሪካ እንዴት እንደወጣ አስተምሬ ነበር። አንዳንዶቹ በባብ ኤል መንደብ ወደ ዓረብ ምድር ሳይሻገሩ አልቀሩም፣ ያኔ ባሕሩ ዝቅ ያለና ጠባብ ነበር አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያስተማርኩት። «የደፈሩት ዓለምን ሞሉት» ብያለሁ። ሀሊማ፣ የቀሩትስ? አለችኝ። የቀሩትማ እኛ ነን፣ ይኸው መርሳ ቁጭ ብለን ማንጎ እንበላለን አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ማክሰኞ

ርእሰ መምህሩ ስለ ሀሊማ የማውቀው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

ዋሸሁ። ያን ትምህርት የሰጠሁ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ፣ መንገዱ በየት በየት እንደነበር ጠይቃኛለች። ተማሪ ጠየቀኝ ብዬ ኮራሁ። ደብተሯ ላይ ካርታ ሳልኩላት፤ አፋርን፣ ባሕሩን፣ የመንን፣ ቀስቱ ሳይቀር።

ወደ ቤቴ ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች ስለ እሷ ያወራሉ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ረቡዕ

እናቷ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ ማንበብ አይችሉም። ትታው የሄደችውን ደብተር አምጥተው ካርታውን እያሳዩ ይህ የልጄ እጅ ነው ወይ አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

«አንቱ ሂጂ ብለው እንዳልሳሉላት አውቃለሁ» አሉ። «ግን ስትጠይቅዎ፣ ለምንሽ ነው ቢሏት ምን ነበረበት?»

እሳቸው ፊት እንዳላለቅስ ታገልኩ።

ሐሙስ

ለርእሰ መምህሩ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርቱን እንደገና አስተማርኩ። የጥንት ሰዎች አንድ ቀን ተነስተው ባሕር አልተሻገሩም። ልጆቻቸውን ይዘው፣ ውሃና አደን እየተከተሉ፣ ትውልድ በትውልድ እየተተካ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ነው የተስፋፉት። ወደ ሌላ አህጉር እየሄዱ እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። መንገድ ላይ ያለቁትን ማንም አልቆጠራቸውም፤ የምናወራው ስለ ደረሱት ብቻ ነው።

ይህን ባለፈው ሳምንት ማለት ነበረብኝ።

ዓርብ

ተገኘች! አፋር ውስጥ ሎጊያ ላይ ትኩሳት ይዟት አብረዋት የነበሩት ጥለዋት ሄደዋል። አንዲት ሴት አስጠግታት ሊፈልጋት የሄደው አጎቷ እዚያ አገኛት። ነገ ይገባሉ። እትዬ ዘሐራ ናቸው ደውለው የነገሩኝ።

ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ እኔ ተመስገን እላለሁ።

ሩቂያ ግን ከሄዱት ጋር ናት። እናቷ እትዬ ከድጃ ደስታውን ሊካፈሉ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሩቂያ የእኔ ተማሪ አልነበረችም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ፤ አይረዳኝም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስቲ ቁጥሯን ይሞክሩልኝ አሉኝ። ደወልኩ። አይጠራም። ትንሽ ቆይተው፣ እስቲ እንደገና አሉኝ።