አለሁ የማይል ሃርድ ዲስክ

ማክሰኞ

በቅድሚያ ከባድ ዜና። የእህቴ የሰብለ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ባደረበት ሕመም ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ለዓመታት በትጋት፣ ይልቁንም በዝግታ፣ ሲያገለግል ቆይቶ ክርር ክርር አለና ዝም አለ። ሥርዓተ ቀብሩ ዛሬ ጠዋት በእኔ እጅ ተፈጽሟል። ካልሲ ውስጥ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ለወዳጅ ዘመድ መጽናናትን እመኛለሁ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ይኸውና። የተካው አዲሱ የለም። አለ፣ ግን የለም። በገዛ እጄ አስገብቼዋለሁ፣ ብሎኑን አጥብቄበታለሁ፣ ላፕቶፑ ግን ማንንም አላየሁም ብሎ ድርቅ ብሏል።

የዛሬ ሥራዬ፦

ዘጠኝ ብሎን ፈታሁ።
አዲሱን ሃርድ ዲስክ ከእማዬ የስፌት መኪና ላይ አነሳሁ። ትናንት ከሱቅ አምጥቼ እዚያ ነበር ያሳደርኩት። እንደ ድሮው ወፍራም አይደለም፣ ማስቲካ የሚያክል ቀጭን ነገር ነው። ጫፉ ላይ የወርቅ ጥርስ አለው፣ በሱ ነው ላፕቶፑን የሚነክሰው።
አስገባሁ። ስምንት ብሎን አሰርኩ። ዘጠነኛው የት እንደገባ አይታወቅም።
አበራሁ። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ። በእኔ እንግሊዝኛ ሲፈታ፣ የምነሳበት ነገር አጣሁ ይላል።
እኔም አጣሁ።

ነገሩ ቀልድ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰብለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ኪስ ትሰፋለች። ኪስ ብቻ። አንድ ሙሉ ሱሪ ሰፍታ አታውቅም። አሁን በኮምፒውተር የልብስ ንድፍ የሚያስተምር ሥልጠና መጥቷል፣ ያለፈ ሰው ከኪስ ተገላግሎ ንድፍ ክፍል ይገባል። ምዝገባው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ላፕቶፕህን ይዘህ ሄደህ፣ እዚያው አብርተህ ታሳያለህ። ካልበራ ቦታህ ለተረኛ ይሰጣል።

"ተይው፣ በአሥር ደቂቃ እገጥምልሻለሁ" ያልኳት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጋር በስምምነት ብንለያይም በእጄ አልታማም።

ለዚህ ደብተር ብቻ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ላፕቶፗን ለቀልድ ደብቄባት ነበር። ለአንድ ሰዓት ነበር ሐሳቤ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር። ከዚያ ረሳሁት። ሁለት ቀን። በድሬ ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር ሁለት ቀን የከረመ ድንጋይም ይታመማል። ሳወርደው እንደ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ክርር ክርሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።

ረቡዕ

ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ ሁለትን ቶሎ ቶሎ ከተጫኑት አንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ሆዱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ የሚቆጥርበት ነው። ሚሞሪ፣ አለ። ባትሪ፣ አለ። ሃርድ ዲስክ፣ የለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። የለም። አውጥቼ መለስኩት። የለም። አራት ጊዜ አውጥቼ አራት ጊዜ መለስኩት። ሙቀት ይሆናል ብዬ ፋን ፊት አስተኛሁት። ቀዝቀዝ ብሎም የለም።

ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ሰካሁ። እሱ እንኳን ደህና ተነሳ፣ የት ላይ ልጫን ብሎ ጠየቀኝ፣ እንድመርጥ ያቀረበልኝ ዝርዝር ግን ባዶ ነው። ግብዣ ተጠርቼ ባዶ ትሪ የቀረበልኝ መሰለኝ።

ሰብለ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት።

"ሰብልዬ፣ አዲሱን ሃርድ ዲስክ አያየውም።"

"እሺ ናቲ።"

"የምሬን ነው።"

"ባለፈውም የምርህን ነበር።"

ባለፈው የምትለው የፋብሪካው ሰርቪስ ሰዓት ተቀይሯል ብያት ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር የቆመችበትን ነው። ከውሾች ጋር። አሁን ነገሩን ሳስበው ያኔ የሳቅኩትን ያህል አያስቅም።

እሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለኢስማኢል ደውዬ ነበር። ሃርድ ዲስኩን የሸጠልኝ እሱ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአረብኛ ይናገራል፣ በአራቱም ይቆጣል። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አንተ ነው የምለው። ድሬ ላይ አንቱ መባል ያለበት ሙቀቱ ብቻ ነው። እኔና እሱ የቆየ ነገር አለን። ድምፄን አጎርንቼ ደውዬ አርባ ጃንጥላ አዝዤው ነበር። ኮምፒውተር ሻጭ ሆኖ ጃንጥላውን ፈልጎ አገኘው። ያውም በበጋ።

የደወልኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ እሱና ጓደኞቹ በርጫ ላይ ናቸው። በዚያ ሰዓት ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ኢስማኢል ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው መሰለኝ፣ መድኃኒቱ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ባትሪውን ንቀል አለ። አንዱ መብራቱ ነው አለ። አንዱ ድሮ ራዲዮው እንዲህ ሆኖበት እንደነበር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከ። በመጨረሻ ኢስማኢል፦

"ወሪያ፣ ስማኝ። ጥርሱን በላጲስ ፈግፍገው።"

"በምን?"

"በላጲስ። በተማሪ ላጲስ።"

ከኋላው ሳቅ ሰማሁ።

አቦ፣ በዚህስ አልሸወድም። እኔ ጎረቤታችንን የዋይፋይ ገመድ ሁለት ሜትር ግዛ ብዬ የላክሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሃርድ ዲስክ እንደ አንደኛ ክፍል ደብተር በላጲስ ስፈገፍግ ሊስቁብኝ ነው። አመስግኜ ዘጋሁት።

ሐሙስ

ግራ ገብቶኛል። አንድ ሰው እየቀለደብኝ ነው። የጠረጠርኳቸው፦

ሰብለ። ምክንያት፣ ሰርቪሱ።
ኢስማኢል። ምክንያት፣ ጃንጥላው።
ጎረቤታችን። ምክንያት፣ ዋይፋዩ።
ከዚህ በታች ያለው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ አልጽፈውም።

ሰብለ ግን በገዛ ላፕቶፗ ምን ብላ ትቀልዳለች? ኢስማኢል ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ሰጥቶኝ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ግን የላጲሱ ቀልድ ምን ይሠራል? ሌላውን ሲሸውድ የኖረ ሰው እሱ ራሱ ሲሸወድ በምን ያውቃል? ትምህርት ቤት እያለሁ ይሄን የሚያስተምር ቢኖር አላቋርጥም ነበር።

ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሄድኩ። ላፕቶፑን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሃርድ ዲስኩን ቤት አስቀመጥኩት። ከሰጠሁት በሌላ ይለውጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ስቆልፍበት እማዬ አይታኝ፣ "አዲስ ዕቃ መያዝ ጀመርክ፣ ተመስገን" አለች። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ ለአዲስ ዕቃ ያላት ክብር ለሰው የላትም። የቲቪው ሪሞት፣ የፍሪጁ እጀታ፣ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ሁሉም ተለብጧል። የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ሳይቀር በሚያሳይ ስስ ፕላስተር ለብጣ ማዕዘኑን በመቀስ ክብ አድርጋ ቆርጣዋለች። ክብ ማዕዘን አይላጥም ትላለች። እውነቷን ነው፣ ሃምሳ አንደኛ መውጣቴ እስከ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ኢስማኢል ከመደርደሪያው የራሱን ሃርድ ዲስክ አውርዶ ላፕቶፑ ውስጥ ከተተው። ኤፍ ሁለትን ተጫነ። አለ ይላል። ወዲያው።

"ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። ያንተ የታል?"

"ቤት።"

"ቤት ምን ይሠራል?"

መደርደሪያውን መቁጠር ጀመርኩ።

"በላጲስ ፈገፈግከው?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ቀልዱን እስከ መጨረሻው የሚይዝ ሰው ነው፣ በዚህ አደንቀዋለሁ።

ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ሰብለ ሰርቪስ ልትጠብቅ ከመውጣቷ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ነገ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች። ልደብድበው ብላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፦

"ናቲ፣ ቀልድ ከሆነ አሁን ንገረኝ። አልቆጣህም። ዝም ብዬ ወስጄ እመዘገባለሁ።"

"ቀልድ አይደለም።"

"እሺ" አለች። አየችኝ። ማመንም አለማመንም የሰለቸው ሰው አስተያየት ነበር። ጣቶቿን አየሁ፣ በመርፌ ተወጋግተዋል። የኪስ ጣቶች።

የቆርቆሮውን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "ውኃ ያዢ፣ ይሞቃል" የሚል ነው የወጣው።

ሃርድ ዲስኩንም ላፕቶፑንም ይዤ መጋላ ሄድኩ። ዓርብ መሆኑን ረስቻለሁ። ኢስማኢል ቆልፎ ጁምዓ ሄዷል። ከጁምዓ ምሳ፣ ከምሳ በርጫ። መንገዱ ጭር አለ፣ ፍየሎቹ ሳይቀሩ ባጃጅ ሥር ገብተው ተኝተዋል። የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። አንድ ባጃጅ ነጂ አይቶኝ "ደግሞ ማን ላይ ልትቀልድ ነው?" ብሎኝ አለፈ። በከተማው ያለኝ ስም ይሄ ነው።

ኢስማኢል ጉንጩን እንደወጠረ መጣ። ሳይቀመጥ ነገርኩት። ነገ ስድስት ሰዓት ካለፈ እህቴ ወደ ኪሷ እንደምትመለስ፣ የማምነው እንዳጣሁ፣ ላጲሱን ደግሞ ቀልድ ነው ብዬ እንዳልሞከርኩት።

ጫቱን ከጉንጩ አውጥቶ ጣለ። የተቀየመ መሰለኝ።

"ወሪያ፣ በሰው እቀልዳለሁ። በዕቃ አልቀልድም። ይሄ እንጀራዬ ነው።"

"እነሱ ለምን ሳቁ ታዲያ?"

"የራዲዮውን ሰውዬ ነው የሳቁበት። ያንን ታሪክ ሁልጊዜ ነው የሚያወራው።"

ከመሳቢያው ባቄላ የምታክል ያለቀች ላጲስ አወጣ። እርጥበትና የእጅ ወዝ ጥርሱን ሲሸፍነው የሚያጸዳው በዚህ እንደሆነ፣ ሁሉም ጠጋኝ የሚሠራው እንደዚህ እንደሆነ እየነገረኝ መፈግፈግ ጀመረ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ላጲሷ ያዝ አደረጋት። ከወርቁ ጥርስ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነገር ጥቅልል ብሎ ተነሳ።

ኢስማኢል መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ልጣጩን በጥፍሩ ይዞ ወደ ብርሃን አነሳው። የሚያሳይ ፕላስተር ነው። በጥርሱ ልክ ተቆርጧል። ሁለቱም ማዕዘን ክብ ነው።

አወቅሁት።

ሰኞ ማታ ሃርድ ዲስኩ የእማዬ የስፌት መኪና ላይ ነበር። መቀሱም ፕላስተሩም እዚያው። ወርቅ የመሰለ አዲስ ነገር ራቁቱን ተቀምጦ አቧራ ሲነካው ዝም ብላ ልታድር አትችልም። እኔ ደግሞ አራት ጊዜ አውጥቼ አራት ጊዜ ስመልሰው ልብ ብዬ አላየሁም፣ እሷ ስትለብጥ አይታይም።

ኢስማኢል ፕላስተሩን አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄ ያንተ ሥራ ነው።"

አይደለም ልል ነበር። ቀጥሎ ማን ነው እንደሚል አወቅሁ። እስከ ማታ መጋላ ይሰማዋል፣ በሁለተኛው ቀን ለገሃሬ እኛ ሰፈር ይደርሳል፣ በሦስተኛው እማዬ ልጄን ከሥልጠና ላስቀራት ነበር እያለች እንቅልፍ ታጣለች።

"አዎ፣ የኔ ነው" አልኩ። "ሰብለ ላይ ላደርገው ብዬ ነበር። መልሶ እኔን ያዘኝ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ በራስህ ላይ ቀለድክ?"

"ሦስት ቀን ሙሉ።"

ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። የጃንጥላው ዕዳ ተከፈለ አለ። ሃርድ ዲስኩን ከተተው፣ ኤፍ ሁለትን ተጫነ። አለ። ይችን ሁለት ፊደል አይቼ ዓይኔ ውኃ አቀረረ፣ ላብ ነው ብያለሁ። ዊንዶውሱን እሱ ራሱ ጫነልኝ። ፕላስተሯን ስጠኝ አልኩት፣ ኪሴ ከተትኳት።

ቅዳሜ

ሰብለ ከአራት ሰዓት በፊት ተመዘገበች። ላፕቶፑ በራ፣ አይተው ስሟን ጻፉ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል።

እሷ እዚያ ሳለች እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ "ያን የለበጥኩልህን ነገር አቧራ አልነካውም አይደል?" አለችኝ።

"አልነካውም እማ። ምንም ነገር አልነካውም።"

ደስ አላት። መርገጧን ቀጠለች። አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ሌላ ዕቃ ልትለብጥ ስትነሳ።

ሰብለ ስትመለስ ኢስማኢል ደውሎ ሁሉን ነግሯታል፣ ማለት እሱ ያወቀውን ሁሉ። በነጠላ ጫማዋ ሁለት ጊዜ አገኘችኝ። "ፕላስተር ለጥፈህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ ቀልድ አይደለም አልከኝ" አለች። አዎ አልኩ። በሕይወቴ ባልሠራሁት ነገር ስመታ የመጀመሪያዬ ነው። አያምም፣ ወይም የቆርቆሮውን እያሰብኩ ስለተመታሁ ይሆናል።

ምሳ ላይ ሞከርኩ።

"ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ ድሮው ሃርድ ዲስክ።"

"ቀልድ ነው?"

"አይደለም።"

"እንደዚያ ከሆነ ዛሬ አልሰማም" አለች፣ እየሳቀች። "ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ነገ ንገረኝ።"

ነገ እንግዲህ። ቆርቆሮው ይሁን ዕድሜው የገደለው፣ ኢስማኢልን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅኩትም።

ታላቁ ሐዘን፣ የተጠረጠረው ሕዝብ፣ የአራት ቀን ግራ መጋባት፣ ሁሉም ተደምሮ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ፕላስተር ነው። ትንሽ ነገር ነበር። ዘጠነኛው ብሎን እንኳን ከዚህ ይከብዳል፣ እሱ ደግሞ ካልሲው ውስጥ ተገኝቷል። ፕላስተሯን እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌያታለሁ፣ በስተቀኝ ጥግ። ደብተሩን ሌላ ቀን ስገልጠው ባላያት አይገርመኝም፣ ዓይኔ ያው ነው።