ሞተሩን አሰሚኝ

ውድ ሙባሪክ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህስ? የመርካቶው ግርግርስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ወረቀት ከቆጮው ጋር አስሬ የላክሁት ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ "ሞተሩ ተነሳ? ማሳው ጠጣ?" ትልና ሳልጨርስ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ላይ ግን አትዘጋብኝም።

ነገሬ የእህትህ የሳሌሃ ነገር ነው። አምና ከእኛ በታች በዚያው ወንዝ የምታጠጣው በርበሬዋ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እየተቃጠለ ሲደርቅባት፣ "ከእናንተ ማሳ ወደ ወንዙ የሚወርደው ውሃ ጨው ጨው ይላል" ልትልህ መጥታ ነበር። አንተም "ወንዙን እኔ ፈጠርኩት?" ብለህ መለስካት። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነች። በጀፎረው፣ በዚያ በሰፊው የመንደራችን ሣር ላይ ስታልፍ እንኳ ወደ በራችን ዞር አትልም። አንተ ለአረፋ ስትመጣ ክትፎዋን በጣባ አስቀምጬላት ሳይነካ ቀረ። አንተ "የት ቀረች?" አላልክም። ግን እየጎረስክ ዓይንህ በሩ ላይ ነበር። ያን ዕለት አንጀቴን በላኸው።

ቆይቶ የእኛም ማሳ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነጣ። ስነግርህ ምን አልክ? "ጨው ከሆነ በውሃ ይታጠባል፣ ጨምረሽ አጠጪ!" ሱቅ ቁጭ ብሎ መስቃን ላይ የሚያርስ ሰው! አንተ ብቻህን ብትሆን ባልከፋ፤ የሰፈሩ ባል ሁሉ ከአዲስ አበባ ይደውላል፣ የሰፈሩ ሚስት ሁሉ የውሃ ሞተር ታስነሳለች። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይባል የለ፤ የእኛው ጨው ማንም ሳይለምነው ከማሳ አልፎ ወንዙን አጣፈጠው።

ቢቸግረኝ ሃኒን ጠራኋት። ከወልቂጤ የመጣችው የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ናት፤ ሳቅ እንጂ ትዕግሥት አልተሰጣትም። ከማሳው በላይና በታች ከወንዙ ውሃ ቀድታ በመሣሪያዋ ለካችና፣

"ሰፍያ፣ ጨዉን የምታወርዱት እናንተው ናችሁ" አለችኝ። "ውሃ ሲበዛ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው አጥቦ ወንዙ ውስጥ ይጨምረዋል። የቀረውን ደግሞ ፀሐይ ወደ ላይ ትስበዋለች።"

"ታዲያ ምን ይገዛ?" አልኳት። የነጋዴ ሚስት አይደለሁ!

"ምንም። ከማጠጣትሽ በፊት አፈሩን ጨብጪው፤ ከተጣበቀ ተይው፣ አልጠማውም። የእንሰት ቅጠል ሞልቶሽ የለ? መደቡን አልብሺው፣ ፀሐይ እንዳታገኘው። ብቻ ትርፉ ውሃ ወደ ወንዙ አይመለስ።"

ትርፉን የት እንደላክሁት ልንገርህ? ወደ ባሕር ዛፍህ! ከማሳው ግርጌ ተክለኸው "ውሃ መጣጭ" እያልኩ የምረግመው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ ለቁም ነገር በቃ። ቦዩን ወደ እሱ አዞርኩለት፣ እስኪጠግብ ይጠጣ። የጎረቤት ሴቶችም ቅጠል ሳነጥፍ ሲያዩኝ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ኋላ ግን ሁሉም በየማሳቸው አነጠፉ። የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን ወንዝ አያድንምና እሰየው አልኩ።

አንተማ በየማታው "ሞተሩን አሰሚኝ" ትለኛለህ። አሰማሃለሁ። አስነስቼ ስልኩን አስጠጋልሃለሁ፣ አንተም "በርቺ የኔ ጀግና" ብለህ ትዘጋለህ፣ እኔም ወዲያው አጠፋዋለሁ። አትቆጣ፤ ነዳጁም ተርፎልሃል። በርበሬውን ብታየው ደግሞ አትቆጣም ነበር።

ሃኒ ሰሞኑን ተመልሳ ለካች። "ገና ይቀረዋል፣ ግን ቀንሷል" አለች። እኔ ግን በመሣሪያው ሳይሆን በሳሌሃ ነው ያመንኩት። ትናንት ከጀፎረው ታጥፋ ወደ በራችን መጣች። ሳትቀመጥ፣ "ችግኜ ዘንድሮ አልተቃጠለም። ምን አድርጋችሁ ነው?" አለችኝ። ማሳው ድረስ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ገለጠችና አፈሩን በጣቷ ቀመሰችው።

"ይህን ያደረገው ሙባሪክ ነው?"

ልዋሽላት አልፈለግሁም።

"እሱ ገና አልሰማም። ግን አረፋ ዕለት እየበላ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም" አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ቅጠሉን አብራኝ ታነጥፍ ጀመር። እዚሁ አደረች። ይኸው አሁንም ቆጮውን ለመኪና ላደርስ ስወጣ ልትሸኘኝ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ሹፌሩ ሙዝደሊፋ ከቡታጅራ መናኸሪያ ጠዋት ስለሚነሳ፣ ቆጮው ከቀትር በኋላ እጅህ ይገባል።

ማታ መደወልህ አይቀርም። "ሞተሩን አሰሚኝ" ስትል ዛሬ ሞተር የለም፤ ስልኩን የምሰጠው ለሳሌሃ ነው። "ለአረፋ የምመጣው ራሱ ከጠራኝ ነው" ብላለች። የምትላትን ከአሁኑ አስብ። ብቻ አደራህን፣ "ማሳው ጠጣ?" ብለህ እንዳትጀምር።

የምትናፍቅህ
ሰፍያ